በጾም የገዛሁት የበሬ ልብ

ይድረስ ለእኅቴ ለስንቅነሽ፤ አዘዞ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ገዛኸኝ የዓይኑን ሞራ ተገፈፈ ወይስ አሁንም ነገ ዛሬ እያለ ነው? ናሆም፣ ህሊና፣ ትንሿ እፀገነት ሁሉም ደኅና ናቸው? ጣራው ክረምቱን እንዴት አለፈው? በወጥ ቤቱ በኩል ያፈስ ነበር ብለሽኛል፤ ማንም ሳይነካው መስከረም እንደ ጠባ ይገባኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ደኅና ነኝ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ታምሜአለሁ ብዬ እንዳላበቃ ደግሞ አንቺ ከዚያ የባሰ ሰምተሻል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እጽፈዋለሁ፤ መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ስልክ ብደውል ዘጋሽብኝ። ደግሜ ብደውል ናሆም አነሣና እማዬ ቤት የለችም አለኝ፤ ከኋላው ሳልሽን ሰማሁት። በማግስቱ ደግሞ ያ የሰማሁት እውነት ከሆነ ወንድም የለኝም ብላለች በሉት ብለሽ በሰው ላክሽብኝ። መልእክቱ ደርሶኛል። አልተቆጣሁም። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር፤ ቁርጥ የአባታችን ልጆች ነን።

የደረሰሽ ወሬ እንዲህ የሚል ነው። ጀምበሬ በነቢያት ጾም ከእስላም ሥጋ ቤት ሥጋ ገዛ፣ በላ፣ ሃይማኖቱን ለወጠ፣ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ልቡን በኤሌክትሪክ መታው። ከነዚህ ከአራቱ አንዱ ሙሉ እውነት ነው፣ አንዱ ግማሹ፤ ሁለቱ ውሸት ናቸው። ሥጋ ገዝቻለሁ። ኤሌክትሪክም መትቶኛል፤ የመታኝ ግን ሥጋውን ከመግዛቴ በፊት ነው፤ የመታኝም ደረቴ ውስጥ ያለ ሰው ሠራሽ ሣጥን ነው።

ነሐሴ ላይ እዚሁ ካርቱም፣ ሶባ ሰፈር የአንድ ሰው የውሃ ፓምፕ ስፈታ ራሴን ስቼ መውደቄን ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሆስፒታል ሲመረምሩኝ ልቤ ብዙ ጊዜ እንደ ተለበሰ ሹራብ ሰፍቶ ተገኘ። እንዲህ የሰፋ ልብ አንዳንድ ጊዜ መምታቱን ትቶ እሳት ላይ እንዳለ ሽሮ ይንተከተካል፤ ይንቀሳቀሳል እንጂ ደም አይገፋም። ያን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተመለሰ ሰውየው አለቀለት። የሚመልሰውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ምት። ስለዚህ መስከረም ላይ በእርዳታ የመጣ የክብሪት ቤት ሁለት እጥፍ የሚያህል ሣጥን በግራ ትከሻዬ ሥር፣ ከቆዳዬ በታች አስገቡልኝ። ከሣጥኑ አንድ ሽቦ ወጥቶ በደም ሥር ውስጥ እየሄደ ልቤ ይገባል፤ ጫፉም በቀኙ ክፍል ታች ይቀመጣል። ጫፉ ላይ ያለውን ጥቅልል ኤሌክትሮድ ይሉታል፤ እኛ ለመበየጃው ዘንግ የምንሰጠው ስም ነው። ሣጥኑ ቀንም ሌትም ምቴን ይቆጥራል። ልቤ መንተክተክ ሲጀምር ይመታኛል። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን የምትሠራው ዶክተር ፋሪሃ የምትባል ሱዳናዊት ናት፤ ዕድሜዋ ከህሊና ብዙም አይበልጥ። መጀመሪያ ስታየኝ ያ ሐጅ አለችኝ። ሐጅ አይደለሁም፣ ጀምበሬ ነኝ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ያ ዓም ጀምበሬ ነው የምትለኝ፤ አጎቴ ጀምበሬ እንደ ማለት ነው። ሥራዋን ታውቃለች፤ ይህን ግን በጊዜው አላመንኩም ነበር።

ሣጥኑን ያስገቡ ዕለት፣ እንቅልፍ ላይ ሳለሁ፣ ልቤን ሆን ብለው እንዲንተከተክ አድርገው ሣጥኑን ፈተኑት። ሣጥኑ ባለ በሌለ ኃይሉ መታ። ልቤ አልተመለሰም። ከውጭ በትልቁ ማሽን ነው የመለሱኝ። የኃይሉን መግቢያና መውጫ ገልብጠው ደግመው ሞከሩት፤ እንደገና እንቢ አለ። ስነቃ ዶክተሯ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ኃይሉ ከሽቦው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሣጥኑ ሲሄድ የልብህን ፊት ብቻ ይጠርጋል፤ ልብህ ስለ ሰፋ የግራውና የጀርባው ሥጋ ሳይነካ ይቀራል፤ ያ የቀረው እንደገና ሁሉንም ያንተከትከዋል አለችኝ። መፍትሔውም ሁለተኛ ኤሌክትሮድ ከጀርባ ማስገባት ነው አለች። ልብ ራሱን የመገበበትን ደም መልሶ የሚያወጣበት ደም ሥር አለ፤ በጀርባው ዞሮ መጥቶ ወደ ቀኙ ክፍል ይፈስሳል። በዚያ አፍ ገብቶ ወደ ኋላ መውጣት ነው፤ በቧንቧ መውጫ በኩል ሽቦ እንደ መስደድ። ሽቦው እዚያ ከተኛ ምቱ መላውን ልብ አቋርጦ ያልፋል ማለት ነው።

እኔ እንቢ አልኩ። ባትሪው ደካማ ነው፣ የሚበልጥ ባትሪ አምጡ አልኳት። እሷ ወረቀት ላይ ሣለች፤ እኔም ሥዕሏን ገልብጬ በጀርባው የራሴን ሣልኩ። ሦስት ጊዜ በቀጠሮ ሄድኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻው ጊዜ ተማሪዎቿ ተሰብስበው ሳለ እኔ ከኤሌክትሪክ ጋር ስውል አንቺ አልተወለድሽም አልኳት። እውነት ነው ያ ዓም ጀምበሬ፣ ለመሆኑ ልብ ስንት ጠምጥመሃል አለችኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ተነሥቼ ወጣሁ።

አንቺ ታውቂኛለሽ። እኔን ያስተማረኝ ሰው የለም። በካርቱሙ አል-ጣኢፍ ሰፈር የአንድ ሀብታም ቤት ዘበኛ ሳለሁ የተጣለ ማራገቢያ አንሥቼ፣ ጥቅልሉን እየፈታሁ ዙሩን በእርሳስ እየጻፍኩ፣ መልሼ ጠምጥሜ አዞርኩት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አምስት ዓመት በዚሁ ሥራ፣ ሞተር በመጠምጠምና በብየዳ፣ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ፈትቼ ያላየሁትን ነገር አላምንም። ይህ ጠባዬ እንጀራዬ ነው፤ ሊገድለኝ የደረሰውም እሱው ነው።

ኅዳር ሦስት ቀን ቅዳሜ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሜ ከባለቤቱ ከረሺድ ጋር ስለ መብራት መጥፋት ስናወራ ወደቅኩ። ረሺድ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ የሆነ ሱዳናዊ ነው፤ አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ቅን ነው። እሱ እንደሚለው፣ መሬት ላይ ተዘርሬ ሳለሁ አንዴ ዘለልኩ፣ ቆይቼ ሁለተኛ ዘለልኩ፣ ሦስተኛም ዘለልኩ፤ በአራተኛው ዓይኔን ገለጥኩና ይህን ደም የነካ ሽርጥህን ከራሴ ሥር አንሣ ብዬ ሰደብኩት። ዋላሂ ያን ጊዜ ነው እንዳልሞትክ ያወቅኩት ይላል። እኔ አንዱንም አላስታውስም።

ዶክተር ፋሪሃ ሣጥኑን አነበበችው። ሣጥኑ የሆነውን ሁሉ ይጽፋል። ከዚያ እንዲህ አለችኝ። ሣጥኑ ለአንድ ጊዜ ስድስት ምት አለው፤ ሦስቱ ባዶ ሄደዋል፤ በአራተኛው ነው የተመለስከው፤ ሁለት ቀርተውህ ነበር፤ ከስድስተኛው በኋላ ሣጥኑ ዝም ይላል። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔም እሺ፣ ትልቁን ባትሪ አምጡ አልኩ። ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ የጎደለው መንገዱ እንጂ ጉልበቱ አይደለም አለች። መንገድ ያለችው ቃል ቤት ድረስ ተከተለኝ። በብየዳ ሥራ የምድሩን ሽቦ የት እንደምትቆነጥጪው ካላወቅሽ፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢበረታ ኃይሉ አንቺ ከፈለግሽው ሌላ ቦታ ያልፋል። ይህን ለስንት ሰው እየተቆጣሁ አስተምሬአለሁ። ለራሴ ግን ልቀበለው አልቻልኩም፤ አላየሁትማ።

እንግዲህ የወሬው መነሻ ከዚህ ይጀምራል። ጾሙ ከገባ በአምስተኛው ቀን፣ ኅዳር ዐሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ረሺድ ዘንድ ሄድኩና የበሬ ልብ ስጠኝ፣ ምንም እንዳትቆርጠው፣ ደም ሥሮቹ እንዳሉ ይሁኑ አልኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሱ አንድ ቁራጭ ሥጋ ገዝቼ አላውቅም። ሰውየው ቢላዋውን አስቀመጠና እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ያ ሐበሺ፣ በመጨረሻ መጣህልን፣ መብሩክ፣ መብሩክ ብሎ ገበያውን በጩኸት ሞላው። ቀልዱ ነው። የኛ ሴቶች ደግሞ ያን ሰዓት ነጠላቸውን እንደ ለበሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በዚያው በር ያልፉ ነበር። እኔን አዩ፣ ሥጋውን አዩ፣ እንኳን ደስ ያለህ የሚለውን ሰሙ። ቆም አሉና አለፉ። አንዳቸውም ምን እያደረግህ ነው ብለው አልጠየቁኝም። ስላልተጠየቅኩ አልተናገርኩም።

ረሺድ ምን ወጥ ልትሠራበት ነው ቢለኝ ሽቦ ላስገባበት ነው አልኩት። አሁን ነው ያበድከው አለኝ። የዶክተሯን ሥዕል ከኪሴ አውጥቼ ሳሳየው ግን ሳቁን ተወና ልቡን በቀኙ በኩል ከፈተው። ጣቱን ሰደደ፣ በአንዲት ትንሽ አፍ አስገባውና ይኸውልህ፣ የምትፈልገው ይህ ነው አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ያየው ነገር ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የማያውቀው።

ሱቄን ከውስጥ ዘጋሁ። ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ጨው በጠበጥኩበትና ልቡን አስተኛሁት። አንድ የመዳብ ሽቦ በቀኙ ክፍል ታች አኖርኩ፤ ያ የኔ ሽቦ ነው። አንድ የመዳብ ቁራጭ በግራ በላይ በኩል አስቀመጥኩ፤ ያ ሣጥኑ ነው። በትንሽ ባትሪ ኃይል ሰጠሁት። ከዚያ ሁለት መርፌ አንድ ጣት አራርቄ በየቦታው እየሰካሁ በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ ለካሁ። ፊት ለፊት ደኅና ነው። በግራ ጀርባ በኩል ስሰካው ቴስተሩ የፊቱን ሩብ እንኳ አላነበበም። ባትሪውን በእጥፍ አደረግሁት። የጀርባው እጥፍ ሆነ፤ የፊቱም እንዲሁ እጥፍ ሆነ፤ ጀርባው ያው ከፊቱ ሩብ በታች ነው።

ከዚያ ሌላ ሽቦ ረሺድ ባሳየኝ አፍ አስገብቼ በደም ሥሩ ወደ ጀርባ ገፋሁትና ከሣጥኑ ጋር አገናኘሁት። ወደ ልቡ ጫፍ ታች ድረስ ስገፋው ከመጀመሪያው ሽቦ ጋር ተቀራረቡ፤ ኃይሉ በመካከላቸው አቋርጦ አለፈ፤ የጀርባው ንባብ ያን ያህል አልጨመረም። አፉ አጠገብ ስተወው ጥቂት ጨመረ። በግራው ጎን፣ ከላይና ከታች መካከል ሳደርገው ግን ጀርባው ከፊቱ ጋር ሊተካከል ደረሰ። ሦስቴ ደገምኩት። ሦስቱም ጊዜ ያው ነው። የዶክተሯን ወረቀት አውጥቼ ሳይ ያቺ ልጅ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ያደረገችው ልክ እዚያው ላይ ነው።

ተሳስቼ ነበር ስንቅነሽ። ይህን ቃል ስጽፈው ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ለአባታችን ተዝካር ሳልመጣ የቀረሁ ጊዜ የጻፍኩልሽ ነው።

ልቡን ለረሺድ ድመቶች ሰጠሁት። እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ማታ ምስር በላሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ የማርያም ማኅበራችን ነበር። ሄጄ በቦታዬ ተቀመጥኩ። ዳቦው ሲዞር ከጎኔ ካለው ሰው እጅ አልፎ ከወዲያኛው ጎኔ ላለው ተሰጠ። ጽዋውም እንዲሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የጠጣሁበት ማኅበር ነው። ተነሥቼ ብወጣ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ይሆንብኛል ብዬ እስከ ፍጻሜው ድረስ ተቀመጥኩ። ባዶ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ጸሎቱንም ከሁሉ ጋር ደግሜ ነው የወጣሁት።

በማግስቱ የንስሐ አባቴ መምሬ ፍሰሐ ሱቄ መጡ። የሽቦ ጥቅልል ላይ ተቀመጡና ሥጋ ገዝተሃል አሉኝ። ገዝቻለሁ አልኩ። በጾም? በጾም። ከእስላም ሥጋ ቤት? አዎ አባቴ። በላኸው? የለም፣ ለካሁት። ደብተሬን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ሳፋው፣ መርፌዎቹ፣ ቁጥሩ ሁሉ አለበት። ሲገባቸው መቋሚያቸውን ይዘው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ፊታቸውን አጠንክረው እንዲህ አሉኝ። በሥጋው አልቀጣህም፤ በዝምታህ ነው የምቀጣህ፤ አንዲት ቃል ብትናገር ይህ ሁሉ ሰው ምላሱን በሐሜት ባላረከሰ ነበር፤ አንተ ግን ልክ ስለሆንክ ብቻ ዝም ብለህ ተቀመጥክ፤ በል፣ ወሬው ለደረሰው ሰው ሁሉ በየቤቱ ሄደህ በገዛ አፍህ ንገር፤ እግርህ የማይደርስበትን በገዛ እጅህ ጻፍ። ከሞትኩስ ትቀብሩኛላችሁ ብላቸው፣ ይህን ከፈጸምክ እኔው ራሴ አሉኝ።

ፈጽሜአለሁ። ከሶባ እስከ ማዮ ሰባት ቤት በሐፍላና እዚህ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ሄጃለሁ። ይህ በየቀኑ ቲኬት ቆርጠን እንደ ሎሚ የምንጨመቅበት አውቶቡስ፣ ሐፍላው ማለቴ ነው፣ ከበሽታዬ ይልቅ ሊገድለኝ ነበር። በየቤቱ ቆሜ ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ አፈሩ። ሸዋአለም የምትባለው ነጋዴ ጎረቤቴ ለካሁት ስላት መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ እስካሁንም ስታየኝ ጋሽ ጀምበሬ፣ የዛሬው ወጥ ስንት ቮልት ነው ትለኛለች። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ እሷ ናት፤ ቅዳሜ በመተማ በኩል ትመጣለች። ከወሬው ሰዎች ሁሉ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ከወሬው በፊት በስልክ ብረቱን አስወጥተህ ና፣ ጸበል ትጠመቃለህ፣ ልብህ ውስጥ ሌላ ብረት እንዳታስገባ ብለሽኝ ነበር። አልመጣም። በአውቶቡስ ሁለት ቀን መንገድ ነው፤ በመንገድ ላይ ልቤ ቢንተከተክ ያለኝ ስድስት ምት ነው፤ ሦስቱ ባዶ እንደሚሄዱ አይተናል። ጸበሉን ግን አልናቅኩም። ሸዋአለም ስትመለስ በአንድ ጀሪካን ላኪልኝ፤ እዚሁ እጠመቃለሁ፣ እጠጣዋለሁም። ሽቦው ግን ይገባል። ቀጠሮዬ ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ታኅሣሥ ዐሥራ አንድ ነው። ዶክተር ፋሪሃ ዋስ አልሆነችልኝም። ደም ሥሩ ሊጠብብ ይችላል፣ ሽቦውም አልያዝ ሊል ይችላል፣ ፈተናውም እንደ መስከረሙ ሊሆን ይችላል ብላኛለች። በመስከረሙ ከውጭ በማሽን መለሱኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ይመለሳል ማለት አይደለም አለችኝ። እኔም አውቀዋለሁ።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ካበቃ፣ አሽጋ ያመጣችልሽ ሸዋአለም መሆኗን እወቂ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ደብዳቤውን የምቀጥለው እኔው ነኝ።

ማክሰኞ በጠዋት ገባሁ። መብራት ስላልነበረ ጄኔሬተሩ ይሠራ ነበር። አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ሳዳምጠው አልጣመኝም፤ ይንገጫገጫል፣ ይደክማል፣ እንደገና ይነሣል። ይህን ማሽን የሚጠብቀውን ሰው ጥሩልኝ፣ እስከዚያ አልተኛም አልኩ። አንዷ ነርስ ያላ ያ ዓም፣ ጊዜ የለንም አለችኝ። እኔም የለኝም አልኳት። ሰውየው መጣ፤ የነዳጅ ማጣሪያው ቆሽሿል፣ ሄደህ አጽዳው አልኩት። ማን ነገረህ አለኝ። እሱው እየጮኸ ነው፣ አትሰማም አልኩት። ዶክተር ፋሪሃ እጇን ታጥባ ስትገባ በሽተኛው የቱ ነው፣ መካኒኩ የቱ ነው ብላ ጠየቀች። ሰውየው ግን ሄዶ አጸዳው። ድምፁ ሲስተካከል ተኛሁ።

ከዚያ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። አፉን አገኘችው። ሽቦው ሁለት ጊዜ ሾልኮ ወጣ፤ በሦስተኛው ያዘ። በግራው ጎን፣ ከላይና ከታች መካከል ተቀመጠ። ልቤን እንደ መስከረሙ አንተከተኩትና ሣጥኑን ለቀቁት፤ ያውም በሙሉ ኃይሉ ሳይሆን ቀንሰው። በመጀመሪያው ምት ተመለሰ። ከውጭ የተዘጋጀውን ማሽን አልነኩትም።

በማግስቱ ከተማሪዎቿ ጋር ስትዞር ከእኔ አልጋ ደረሰች። ቁጭ አልኩና ባለፈው በነዚህ ልጆች ፊት የተናገርኩሽ ስሕተት ነበር፣ ባትሪው አይደለም፣ መንገዱ ነው አልኳት። እሷም ስለ በሬው ልብ መምሬ ነግረውኛል፣ ደብተሩን አምጣ አለችኝ። ለካ መምሬ ፍሰሐ ሊጠይቁኝ መጥተው በር ላይ አግኝተዋት ኖሯል። ደብተሩን ቆማ አነበበችው። በጨው ውሃ ውስጥ ያለ የሞተ ልብ በሕይወት ያለ ሰው አይደለም፣ ደም የለበት፣ ሳንባ የለበት፣ ቁጥርህን አልቀበልም አለችኝ። እሺ አልኳት። ቦታውን ግን ልክ አግኝተኸዋል ብላ ገጹን በስልኳ ፎቶ አነሣችው። ከቁጥሮቹ ሥር ቀን ጻፍበት፣ ቀን የሌለው መዝገብ መዝገብ አይደለም አለችኝ። እውነቷን ነው። ጻፍኩበት።

ሆስፒታሉ የሥጋ መረቅ ሲያመጣልኝ መለስኩት። ጾም ነው። ሸዋአለም ፉል በዘይትና ዳቦ ታመጣልኝ ነበር። ግራ እጄን ለጥቂት ሳምንት ከትከሻዬ በላይ እንዳላነሣ ተከልክያለሁ፤ ከብየዳ ደግሞ ለዘለዓለም፤ ኃይሉ ሣጥኑን ያሳስተዋል። ብየዳውን ትቻለሁ። ሞተሩን ግን በቀኝ እጄ እጠመጥማለሁ። ትናንት ወደ ቤት ስገባ ከማኅበሩ ሁለት ሴቶች ዳቦ ይዘው ደጃፌ ላይ ቆመው ነበር። የኅዳር ድርሻህ ነው አሉኝ። ደርቆ እንደሆነ ብጠይቃቸው ትኩስ ነው አሉ። ተቀበልኳቸው።

ይህን ደብዳቤ ደብቀሽ እንድታነቢው አልፈልግም። ወሬው ለደረሳቸው ጎረቤቶችሽ ሁሉ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ የመምሬ ትእዛዝ ስለሆነ ነው።

ገዛኸኝን ሰላም በይልኝ፤ ዓይኑን ይታይ፣ ሐኪም የሚፈራ ሰው ከኔ ይማር፤ ከሐኪም የሚጨቃጨቅም እንዲሁ። ህሊናን ሰላም በይልኝ፤ በእርሷ ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ ወንድምሽን መልሳዋለች፤ ትምህርቷን ልተወው ያለችው ነገር ካለ እንደገና አስቢበት በያት። ለናሆም ንገሪልኝ፣ ኮሌጅ ስለሚማረው ኤሌክትሪክ ሲጽፍልኝ ኃይል ማነሱን ብቻ ሳይሆን በየት እንደሚያልፍ ጭምር ይጻፍልኝ፤ ስልክ ላይም አይዋሽ፣ አይችልበትም። ትንሿን እፀገነትን ግንባሯን ሳሚልኝ። እኛ ሰፈር ቀልጠፍ ያለች ድመት አለች፤ የበሬ ልብ ከበላች ወዲህ ከደጃፌ አልጠፋ ብላለች በያት። የሰፈሩን ሰው፣ የጠየቀኝንም ያማኝንም፣ ሁሉንም በስሙ ሰላም በይልኝ።

ጀሪካኑን እንዳትረሺ። ስልኩንም አንሺ።

ወንድም የለኝም ብለሽ ልከሽብኝ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት እውነት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። አሁን ግን አለሽ።

ወንድምሽ ጀምበሬ

ካርቱም፣ ሶባ
እሑድ ታኅሣሥ 9 ተጀምሮ ዓርብ ታኅሣሥ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈጸመ።